ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ቅዱስ

ማይሊስ ኤቴቭን ገደል ውስጥ ያገኘቻት አክስቴ ሊዝ ናት። የማንም አክስት አይደለችም፤ የባስ ቫኩዋ ሰው ግን ሁሉ አክስቴ ይላታል። ለዘንቢል የሚሆን የቫኩዋ ቅጠል ልትቆርጥ ወጥታ፣ ዝናቡ እንዳባራ ከድንጋዩ ስር የሚያቃስት ነገር ሰማች። የቆሰለ ፍየል ነበር የመሰላት። ጎንበስ ብላ ስታይ ብርቱካናማ የሩጫ ጫማ አየች። በመንደራችን እንዲህ ያለ ጫማ የምታደርግ አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

እኔ ስደርስ ሄሊኮፕተሩ ወስዷት ሄዷል። ጭንቅላቷ ተመትቷል፣ እግሯ ተሰብሯል፣ ራሷን አታውቅም። አለቃዬ ሻምበል ዴልማ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ቆመው ጫማቸው እንዳይቆሽሽ ይጠነቀቃሉ። ከፓሪስ ከመጡ ያለፋቸው ገና አንድ የዝናብ ወቅት ነው፤ ደሴቲቱን ግን ጨርሰው ያወቁ ይመስላቸዋል።

«አደጋ ነው» አሉኝ። «እርጥብ ሥር፣ እርጥብ ድንጋይ፣ የምትሮጥ ልጅ። ምን የሚመረመር ነገር አለው?»

«ሻምበል፣ ይህቺ ልጅ በዚህ መንገድ ዓይኗን ጨፍና ትሮጣለች።»

«እንግዲያው ዓይኗን ጨፍና ሮጣ ነዋ።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እሺ ማለቴ እንዳልሆነ እናቴ ታውቅ ነበር፤ ሻምበሉ ገና አላወቁም።

መንገዱ ከባሕሩ ዳር ይነሳል። ማዕበል የሚመታውን ገደል ይዞ ይሄድና በቫኩዋው መሐል ወደ ጫካው ይወጣል፤ የቫኒላ ማሳዎቹን አልፎ እስከ ድሮው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ድረስ ይዘልቃል። እናቶቻችን ዓሣ ያወጡበት፣ ቫኒላ ያወረዱበት ነው። እኔም ሱዜል ናቲቬል፣ ዛሬ የፖሊስ ልብስ ለብሼ የምታዩኝ፣ በነጠላ ጫማ ትምህርት ቤት የሮጥኩበት ነው። አምና ሙሴ ቮክሌር የሚባል ሰው የታችኛውን መሬት ገዛና፣ ለእንግዶች ማረፊያ እሠራለሁ ብሎ መንገዱ ላይ በር ገተረበት። ቁልፉን ሰበርነው፤ ሌላ ቁልፍ አደረገ። ማይሊስ መስበሩን ተወችውና በየማለዳው በሩን እየዘለለች መሮጥ ጀመረች። ስትዘል በሩ ላይ ለተሰቀለው ካሜራ እጇን ታውለበልብለታለች። ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ መንደር ከኋላዋ ይዘል ነበር፤ ቦርጫሙ ዳቦ ጋጋሪ ሳይቀር።

አሁን ነገሩ አርብ ላይ ቆሟል። አርብ ማዘጋጃ ቤቱ ተሰብስቦ ስለ መንገዱ ይወስናል። «አደጋ» የሚል የፖሊስ ሪፖርት ከደረሰው፣ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ብሎ ለዘለዓለም ይዘጋዋል። ያችው መንገዱን ስታስከፍት የኖረች ልጅ መዝጊያ ምክንያት ልትሆን ነው። ይህን ሳስብ ደሜ ፈላ።

«እስከ አርብ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው ሻምበሉን።

«ለምን?»

«አላመንኩማ።»

«አርብ ጠዋት ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።»

«ይሆናል። ምን እንደሚል ግን ያኔ እናያለን።»

ብቻዬን መንገዱን ወጣሁ። ከወደቀችበት ገደል በታች፣ መታጠፊያው ሳይደርስ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ዛፎች ተፋጠው ቆመዋል። የሁለቱንም ግንድ የሸፈነው የዛፍ ሽበት በቁርጭምጭሚት ቁመት ላይ ዙሪያውን ተፍቋል። አንድ ነገር ተወጥሮ ታስሮበት፣ በኋላ ተፈትቶ ሄዷል። ሻምበሉን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ልጅቷ የት ነው የወደቀችው?» አሉኝ።

«ከመታጠፊያው ማዶ።»

«ታዲያ ይህ ምን ያገናኘዋል? ጠልፎ የሚጥል ነገር እዚሁ ይጥላል እንጂ አብርሮ እዚያ አይወስድም።»

ተናደድኩ፤ ልክ ስለነበሩ ነው የተናደድኩት። ከዛፎቹ እስከ ገደሉ ያለውን መንገድ ደጋግሜ ተመላለስኩበት። ዝናቡ ዱካ የሚባል ነገር አላስቀረም። ያቺ ባዶ ቦታ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።

ስወርድ፣ መንገዱ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ባለችው ትንሽ ቀይ ቤት ፊት አማተብኩ። የቅዱስ ኤክስፔዲ ምስል የቆመባት ናት። የእኛ ቅዱስ የችኩል ሰው ቅዱስ ነው፤ የለመኑትን ቶሎ ያደርጋል፣ ስለቱንም ቶሎ ይፈልጋል። ያዘገየበትን ሰው ከቤተሰቡ ላይ እጥፍ አድርጎ ይቀበላል እንላለን። እሱ ራሱ ሲያዘገይ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ እናዞረዋለን፤ የባሰበት ሰው የምስሉን አንገት ይቆርጣል። ያን ቀን ፊቱ ወደ መንገድ ነበር፤ አዲስ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። ሻማው ጠርሙስ ውስጥ በውሃ ተውጧል። አንዱ ስለቱ ደርሶለታል ብዬ አለፍኩ።

ጂሚ ሲናፓን የክፍል ጓደኛዬ ነው። ውሾች አሉት፣ ሽቦ አለው፣ ክፉ አፍም አለው። ባለፈው ወር አደን በተከለከለበት ወቅት ታንግ ሲያድን ማይሊስ ጠቁማበት ተቀጥቷል። ታንግ እንደ ጃርት እሾህ ያላት ትንሽ አውሬ ናት፤ ከዳጣ ጋር ሲበሏት እጅ ታስቆረጥማለች፣ ጂሚም ያለሷ መኖር አይችልም።

«መጣሽ?» አለኝ ከበሩ ሳይነሳ። «እኔኮ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩሽ ነው። በዚህ መንደር ዶሮ ቢጠፋ ጂሚ፣ ሰው ቢወድቅ ጂሚ።»

«እገላታለሁ ብለህ ፎክረህባታል።»

«በሚስቴም በየቀኑ እፎክርባታለሁ። ይኸውልሽ፣ እንደ በሬ ወፍራ ሩዝ እየቀቀለች ነው።»

«ሰምቼሃለሁ!» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

«ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«ወንዙ አፍ ላይ። ቢሺክ ገብቶ ነበር።»

ቢሺክ እንደ ክር የቀጠነ የዓሣ ጫጩት ነው፤ ከባሕር ወደ ወንዝ ሲገባ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ጠየቅኩ፤ ጂሚ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር በወጥመድ ቦታ ሲጣላ ያላየው ሰው አልነበረም። የኛ ቄስም አይተውታል፤ እሳቸውም እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ።

ያም ሆኖ ዛፎቹን እንዲያይልኝ ይዤው ወጣሁ። ጣቱን በሽበቱ ላይ አንሸራተተ።

«ሽቦ አይደለም» አለ። «ሽቦ ቢሆን ልጡን ይበላው ነበር። ይሄ ገመድ ነው፤ ለስላሳ፣ በእጅ የተጎነጎነ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሱዜል፣ ያቺ ልጅ ጠቁማብኛለች። ግን በሩን ስትዘል እኔም ከኋላዋ ዘልያለሁ። ያን ሰው ያዢው።»

ሙሴ ቮክሌር በረንዳው ላይ ተቀብሎኝ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበልኝ። ሰኞ ማታ ሴንት ዴኒ ከተማ ከባንክ ሰዎች ጋር ራት በልቶ እዚያው አድሯል፤ ሆቴሉ አረጋግጦልኛል። ጠባቂውም አብሮት ነበር፤ መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው።

«ካሜራውን ልይ» አልኩት።

«በደስታ።»

በደስታ ማለቱ አናደደኝ። ምስሉን ከፈትን። ጎህ ሲቀድ፣ መሬቱ ገና ደረቅ ሆኖ፣ ማይሊስ ትመጣለች፣ ትዘላለች፣ እጇን ታውለበልባለች። ጥርሷ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ይጀምራል። አክስቴ ሊዝ ከነማጭዷ በጎን ሾልካ እስክትገባ ድረስ ሌላ ሰው የለም። የሌሊቱንም አየን፤ አንዲት ድመት ብቻ።

«ከእኔ በር የገባ የለም» አለ ቮክሌር። «እንግዲህ ያ ሰው ከላይ፣ ከጫካው ነው የወረደው። ላይ ያለው ማሳ የእናንተ ነው። ይህን ያደረገው ከራሳችሁ ሰው ነው፣ እመቤት።»

«መሬቱም የኛ ነበር» አልኩት። ውሃውን ሳልጠጣ ወጣሁ። ያለው ግን እየተከተለኝ ወጣ።

ሴንት ፒየር ሆስፒታል የማይሊስ አባት አጎቴ ክሌሞን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከሟቹ አባቴ ጋር ቫኒላ የተከሉ ሰው ናቸው፤ አጎቴ እያልኩ ነው ያደግኩት። ሩዝና ባቄላ በሳህን ይዘው አልነኩትም። እኔን ሲያዩ ሳህኑን ወደኔ ገፉት።

«ብዪ፣ ከስተሻል።»

«እርስዎ ይብሉ እንጂ።»

«አልወርድልሽ አለኝ።»

ማክሰኞ ጠዋት የት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው፤ ለወጉ ያህል ነው የጠየቅኩት።

«ማሳ። አበባው ፈንድቶ የለ? ሰው እስኪጠራኝ ድረስ ሳጋባ ነበር።»

የቫኒላ አበባ የሚከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። በእሾህ ጫፍ ካላጋቡት ረግፎ ይቀራል። ስለዚህ በኅዳር የቫኒላ ገበሬ ቀብር እንኳ ሳይሄድ ይቀራል፤ ማንም አይቀየመውም።

«ልትሄድ ነበር፣ ታውቂያለሽ?» አሉ እጇን እየዳበሱ። «የፈረንሳይ ቡድን ጠርቷት። ሁለቱ ወንድሞቿም ለአንድ ዓመት ብለው ነው የሄዱት። አንዱ ለገና ይደውላል። ሌላው እሱንም ትቷል።» ብርድ ልብሷን አስተካከሉና፣ «አሁን የትም አትሄድም» አሉ።

እንባዬ መጣ። ትከሻቸውን አቅፌ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት አክስቴ ሊዝ የቅዱሱን ደጅ ስትጠርግ አገኘኋት።

«ፊቱን መለሱለት፣ ምስኪን» አለችኝ። «ግድግዳ ሲያይ ከርሞ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የዞረው?»

«ማይሊስ ፈረንሳይ ልትሄድ ነው ከተባለበት ሳምንት ጀምሮ። አስታውሳለሁ፤ ለልጅቷ መንገዷን አቅናላት ልለው መጥቼ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ማን ነው ያዞረው?»

«የሰው ስለት ይጠየቃል እንዴ? ምን ሆነሻል?»

ጨርቁን አየሁት። ቀለሙ በዝናብ ወርዶ ሲሚንቶውን አቅልሞታል። ሻማው ገና ሳይነድ ሰጥሟል።

«አክስቴ፣ ይህ ጨርቅ መቼ ነው የተደረገለት?»

«እኔ እንጃ። ያን ለታ ቅጠል ልቆርጥ ሳልፍ ለብሶ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።»

መጥረጊያዋን ይዤ አቆምኳት። ዝናቡ የጀመረው ማይሊስ በሩን ከዘለለች በኋላ ነው። ያባራው ሳትገኝ ነው። አንድ ሰው በዚያ ዝናብ ወይም ሊጥል ሲል፣ ማንም ምንም ሳያውቅ፣ ስለቱን ይዞ እየሮጠ መጥቷል። ምን ቢደርስለት ነው እንዲህ ያስቸኮለው?

ከጨርቁ ስር፣ ከእግሩ ሥር፣ የታሰረ ነገር አብጦ ይታያል። እጄን ዘረጋሁ።

«እንዳትነኪው» አለች አክስቴ ሊዝ። ፊቷ አመድ መሰለ። «ሱዜል፣ የሱ ነው። ልጆች አሉሽ።»

በዚህ ደሴት ለቅዱሱ የተሰጠ ነገር ገንዘብም ቢሆን መንገድ ዳር ተቀምጦ ይበሰብሳል እንጂ ሌባ አይነካውም። እኔም ፈርቻለሁ። ሻምበሉ ቢሆኑ እየሳቁ ያነሱት ነበር፤ ግን እሳቸው እዚህ ቤት ዞር ብለው አይተው አያውቁም። «ይቅር በለኝ፤ ካልፈለግክም ተወው» አልኩትና አነሳሁት።

አንድ እቅፍ ቫኒላ ነው። ጥቁር፣ ወዛም፣ የአምና ምርጥ። በእጅ በተጎነጎነ የቃጫ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ላይ የዛፍ ሽበት ተጣብቋል። ቫኒላ ስለሚሰረቅ ገበሬ ሁሉ ፍሬው ሳይበስል በመርፌ ምልክቱን ይነቅስበታል። እዚህ ላይ የተነቀሰው መስቀልና ሦስት ነጥብ ነው። ለቅዱሱ ደግሞ የሰው ቫኒላ አይሰጥም፤ ስለት ከራስ ማሳ ካልሆነ አይቆጠርም።

አክስቴ ሊዝ አየችው፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። መስቀልና ሦስት ነጥብ የማን እንደሆነ በባስ ቫኩዋ የማያውቅ ሕፃን የለም።

«በዝናብ ማን ቫኒላ ያጋባል?» አልኩ። ለራሴ ነበር የምለው። የአበባው ዱቄት እርጥብ ከሆነ አይይዝም። አባቴ በዝናብ ቀን ይተኛ ነበር።

አጎቴ ክሌሞን ለአበባው ብለው ከሆስፒታል ተመልሰው ማሳ ውስጥ ነበሩ። እሾሁን ይዘው ያጋባሉ። እቅፉን ሳሳያቸው እጃቸው አልቆመም፤ የያዟትን አበባ ጨርሰው ነው የዞሩት።

«ነካሽው?» አሉኝ።

«ነካሁት።»

«ደፋር ነሽ። አባትሽም እንዲህ ነበር።»

ሰው ሲናደድ «አንተ» ይላል። እኔ ተናድጄ ነበር፤ ግን ከአፌ አልወጣም።

«አጎቴ፣ ለምን?»

«ቁርጭምጭሚቷ ወለም እንዲል ብቻ ነበር። አንድ ወር ብትቀመጥ ቡድኑ ሌላ ሰው ይወስዳል፣ እሷ ትቀራለች። ሌላ ምን ፈለግኩ? ስትወድቅ ከዛፍ ኋላ ሆኜ አይቻታለሁ። ቁጭ ብላ እግሯን ይዛ ስትሳደብ ሰማሁ። ከሰይጣን ጀምራ እስከ ቮክሌር እናት ድረስ ሰደበች። ደህና ናት አልኩ፤ ልጄ ቀረችልኝ አልኩ። እየተጎተተች ቤት ትገባለች ብዬ...»

«ቅዱሱ ጋ ሄዱ።»

«ማዘግየት ነበረብኝ? ካዘገየሁ ከሷ ላይ አይደል የሚቀበለው? በላይኛው አቋራጭ ወርጄ ሰጠሁ። ስመለስ የለችም። ቤት ገባች ብዬ ገመዱን ፈታሁ። ቫኒላውን ከችኮላዬ የተነሳ ሳላስር ነበር የተውኩት፤ ተመልሼ ሄጄ በገመዱ አሰርኩለት፣ ነገሩ ሁሉ የሱ ይሁን ብዬ።» እሾሁ ከእጃቸው ወደቀ። «ገደሉ ጋ እንዴት ሄደች? ሌሊቱን ሙሉ የማስበው እሱን ነው። ቤቷ ወደ ታች ነው።»

ያቺ ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረች አጥንት ያኔ ወረደች።

«ተነስታ ሩጫዋን ቀጠለች እንጂ» አልኳቸው። «በወለም እግሯ፣ በዝናብ፣ ወደ ላይ። ማይሊስ ወድቃ ወደ ቤት ስትመለስ መቼ አይተው ያውቃሉ? ገደሉ አፍ ስትደርስ እግሯ ከዳት። ልጅዎን አላወቋትም፣ አጎቴ።»

እዚያው አበባው መሐል ተንበርክከው አለቀሱ። አብሬያቸው አለቀስኩ። ከዚያ ይዣቸው ወረድኩ፤ በካቴና አላሰርኳቸውም።

ሻምበል ዴልማ ታሪኩን ሰምተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሰሉ።

«አንድ ነገር ልበልዎት» አሉኝ። «ሽማግሌ ናቸው። የሚጎዱት እሳቸውም ልጅቷም ናቸው። አደጋ ብለን ብንዘጋው ለሁሉም አይሻልም?»

ይህን ማታውን ሙሉ አስቤዋለሁ። አንድ ቃል ብጽፍ አጎቴ ክሌሞን ማሳቸው ይገባሉ፣ መንደሩም ይመርቀኛል። ያቺው ቃል ግን መንገዱን ትዘጋለች፤ ማይሊስን ደግሞ በገዛ እግሯ የወደቀች ታደርጋታለች።

«አይሻልም» አልኳቸው። «መንገዱ ማንንም አልጣለም። ሰው ነው የጣላት። እንደዛው ነው የምጽፈው፤ ካልፈለጉ እርስዎ ሌላ ይጻፉና ይፈርሙበት፣ እኔም ማዘጋጃ ቤት ቆሜ እናገራለሁ።»

አዩኝ፤ አየኋቸው። ፈረሙ።

አርብ ስብሰባው መንገዱን የሚዘጋበት ምክንያት አጣ፤ በሩም ይነሳ ብሎ ወሰነ። ቮክሌር ጠበቃውን ይዞ ሹልክ ብሎ ወጣ። ማንም አላጨበጨበም። ግማሹ መንደር ዓይኔን አያይም ነበር፤ አሁንም ሰላም የማይሉኝ አሉ። ጂሚ ብቻ በር ላይ ጠብቆኝ፣ «ዳጣ የበዛበት ታንግ አለ፣ አልሰማሁም ካልሽ» አለኝ።

ማይሊስ በሳምንቱ ነቃች። ሐኪሞቹ እንደገና መሮጧን እንጃ ይላሉ። ሁሉንም ነገርኳት፣ አባቷንም ጭምር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ አገጯ ግን ያው በሩን ስትዘል የማውቀው ነው።

«በሩስ?» አለች።

«ትናንት ነቅለው ወሰዱት።»

«ቡድኑ ጋ ደውዪልኝ። ዘግይታ ትመጣለች በያቸው።»

«ሐኪሞቹኮ...»

«ሐኪሞቹን አልጠየቅኩሽም።» ትራሷን አስተካከለች። «የአባቴ አበባ እየረገፈ ነው። አክስቴ ሊዝ ታጋባለት። ለሱ ብዬ አይደለም... ለሱም ብዬ ነው። በሱ ምክንያት አልሄድም፤ በሱ ምክንያትም አልቀርም። ይህንን ራሴ እነግረዋለሁ።»

«እሺ።»

«አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያን ቅዱስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪልኝ።»

«እንዴት?»

«የአባቴን ልመና ሰማ። የኔን እስኪሰማ ግድግዳ ይይ። ሮጬ መጥቼ ራሴ እመልሰዋለሁ።»

እሑድ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ የፖሊስ ልብሴን እንደለበስኩ ቀይዋ ቤት ፊት ቆምኩ። ቄሱ አዩኝ፣ አክስቴ ሊዝ አማተበች፣ ሰላም የማይሉኝም ቆመው አዩኝ። ቅዱሱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ከዚያ የጫማዬን ክር አጠበቅኩና መንገዱን ይዤ ወደ ላይ መሮጥ ጀመርኩ። ብዙም ሳልርቅ ከኋላዬ የዳቦ ጋጋሪው ትንፋሽ ተሰማኝ።